የፊት ጉልበት

ወደ ግራ ስትዞር ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች፤
ወደ ቀኝ ስትዞርም ያው ትነጫነጫለች።
ጂልዶ ከወንበሩ ጆሮውን ቀስሮ
«ሞተሩስ ደህና ነው» አለኝ አንገቱን ሰብሮ፣
«ጉልበቷ ነው የላመ፣ የፊቱ፣ ከድሮ።»

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ከፓውላሮ በላይ
በረዶ ታይቷል ትናንት፣ ከተራራው ጫፍ ላይ።
እንጨቱ ገና ጫካ ነው፣ ተቆርጦ ተከምሮ፤
ያለዚች ባለ አራት ጎማ ማን ያወርደዋል ዘንድሮ?

እኔ የተቀጠርኩት ክኒኑን ልቆጥር፣
እንዳይወድቅ ልጠብቀው ከደረጃው ሥር።
ውሉ ላይ የለም ክሪክ፣ የለበትም መዶሻ፤
ግን እጁ ይንቀጠቀጣል ከማለዳ እስከ መምሻ።
ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ግማሹ ይፈሳል፤
እንኳን ቡሎን ሊፈታ የሸሚዝ ቁልፍ ያቅተዋል።

ስለዚህ እሱ ቃል፣ እኔ እጅ ሆንኩና
ላሞቹ ከተሸጡበት ጋጥ ገባን፣ ባዶ ነውና።
ክሪኩን ከሥሯ ሰድጄ አፍንጫዋን አነሳሁ፤
የግራው ጎማ ሲወርድ የወገቤን ሕመም ረሳሁ።

«ፒንሳ» ሲል፣ ፒንሳውን። «ዳዶ» ሲል፣ ዳዶውን።
አየኝና ዝም አለ፤ አጠበበ ዐይኑን።
«ማን አስተማረሽ» አለኝ «የኛን ቋንቋ፣ የብረቱን?
ዳቦ ልትገዢ ስትሄጂ ትሳሳቻለሽ ሦስቴ፤
ኩሽኔታ ስትዪ ግን ተወልደሻል እንዴ ከእናቴ?»

ምን ልበለው? አባቴ ጋራዥ፣ ኮምቦልቻ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ አቀባይ ነበርኩ ብቻ።
እሱ መኪና ሥር ተኝቶ፣ እጁ ብቻ ወጥቶ፣
«ካቻቢቴ!» ይላል፣ መዳፉ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ተከፍቶ።
ለወንድሞቼ መፍቻው፤ ለእኔ ማቀበል።
«ሴት ልጅና ግራሶ…» ብሎ፣ ሳይጨርሰው ዝም ይል።

ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ቀረ፣ ከብረቱ ጋር ዛገ፤
ሰዉም በአፉ እያሸ አማርኛ አደረገ።
«የማን ነው?» ብዬም አላውቅ። ቃልም እንደ መፍቻ ነው፤
ጨብጦ ለፈታበት ነው።

ሴሚያሱን ያዝኩ። «በአንድ ትንፋሽ!» ሲለኝ
ሳብኩት፤ ተመዞ ወጣ፤ ወደ ኋላ ጣለኝ።
የጎማ ልብሱ ተቀዷል፤ ቅባቱ ተረጭቶ አልቆ
አሸዋ ገብቶበታል፣ ብረት ብረት ፍቆ።
ኳሶቹን አወጣኋቸው፣ በቤንዚን ላጥባቸው፤
ባቄላ ያህላሉ፣ ጥቁር ነው መልካቸው።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስት።
ስድስተኛዋ የለችም።

ግርግሙን ዳሰስኩ፣ ገለባውን በተንኩ፤
እሱ ለቅዱስ አንቶኒዮው፣ እኔ ለገብርኤሌ ተሳልኩ።
ከዚያ ዝም አለ፤ እጁ ብቻ ጭኑ ላይ እያወራ።
መሸ፤ የክኒኑም ሰዓት አለፈ በተራ።
«ተይው፣ ይሸጥ» አለ። ሞተሩን ነው ያለው?
ወይስ ቤቱን፣ ልጁ ከኡዲኔ በየእሑዱ የሚደውልለትን ያንኑ ነው?

ላስነሳው ጎንበስ ስል፣ ከሱሪው እጥፋት ውስጥ
ክብ ጥቁር ዐይን አየችኝ፣ ጨርቁ ሲገለጥ።

ሳቀ።
ስድስት ወር አብሬው ኖሬ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።
ሁለመናው ስለተንቀጠቀጠ
እጁ አልታወቀም።

ግራሶ በመዳፌ፣ በጥፍሬ ሥር፣ እስከ ክንዴ፤
አባዬ፣ ያልጨረስከው ነገር ይህን ነበር እንዴ?
ፋሼታውን አጥብቄ ሴሚያሱን ስገፋ
ጠቅ አለ፤ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ድምፁ እስኪጠፋ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ነዳኋት፣ በቀስታ።
ወደ ቀኝ አዞርኳት፤ ጸጥታ።
ወደ ግራ፤
ቀጭ።

«የቀኙ ነገ» አለኝ፣ ወንበሩን ተደግፎ ሲነሳ፤
«ካቻቢቴውን ከክኒኑ አጠገብ አስቀምጪው፣ እንዳንረሳ።»